እናት አባትን ታክስ ላይ ዲፔንደንት (ተጧሪ) ስለማድረግ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ።

የ2025ን ታክስ ልታሰሩ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ያው አንድ ነገር ነው፣ «አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን በየወሩ ብር እየላክሁ የማኖራት እኔ ነኝ፣ ለምን ዲፔንደንት አላደርጋትም?» አይቻልም ስንላችሁ እንደሚከፋችሁ እናውቃለን፣ እኛንም ይከፋናል። የላካችሁት ስላነሰ ወይ ደረሰኝ ስለጠፋ አይደለም፣ ሕጉ ዲፔንደንት የሚሆነው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ለታክስ ነዋሪ የሚባል፣ ካልሆነም ካናዳ ወይም ሜክሲኮ የሚኖር መሆን አለበት ስለሚል ነው። በቱሪስት ቪዛ መጥተው ትንሽ ወራት ቆይተው የሚመለሱትም ብዙ ጊዜ አይገቡም፣ አሜሪካ የቆዩበት ቀን ይቆጠራል፤ የ2025 ቀን ሙሉው፣ የ2024 ሲሶው፣ የ2023 ስድስተኛው እጅ ተደምሮ 183 መሙላት አለበት።

ግሪን ካርድ ይዘው የመጡ ወላጆች ካሏችሁ ግን እባካችሁ ሳትነግሩን እንዳትቀሩ። ብዙ ሰው አብረውኝ አይኖሩም ብሎ ዝም ይላል፣ ወላጅ ግን አብሮ መኖር ግዴታው አይደለም፣ ለብቻቸው አፓርታማ ብትከራዩላቸውም ይሆናል። ዋናው ነገር ታክስ የሚከፈልበት ገቢያቸው ከ5,200 ዶላር በታች መሆኑ እና ከኑሮ ወጪያቸው ከግማሽ በላዩን እናንተ መሸፈናችሁ ነው። ኤስኤስአይ (መንግሥት አቅም ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ) የሚያገኙ ከሆነ እሱ በገቢ አይቆጠርባቸውም፣ ለቤት ኪራይና ለምግብ ካወጡት ግን ከናንተ የወጣ ስላልሆነ የናንተን ድርሻ ያሳንሳል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። እናንተ ቤት ከሆኑ ደሞ የሚኖሩበት ክፍል ቢከራይ የሚያወጣው ዋጋ ለናንተ ይደመራል፣ ይሄን አትርሱ።

ጥቅሙ እስከ 500 ዶላር ክሬዲት (ከታክሱ ላይ የሚቀነስ) ነው፣ ያላገባ ሰው ከሆነና የወላጁን ቤት ወጪ ከግማሽ በላይ ከቻለ ግን ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ (የቤተሰብ ኃላፊ) ሆኖ ፋይል ሊያደርግ ይችላል፣ ያኔ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ታክስ ሳይሰላ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) ከ15,750 ወደ 23,625 ዶላር ይወጣል፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ወንድምና እህት ተጋግዛችሁ የምትጦሩ ከሆነና ማንም ብቻውን ግማሹን ካላለፈ፣ ከ10 ፐርሰንት በላይ ካወጣችሁት አንዳችሁ ልታስገቧቸው ትችላላችሁ፣ ከ10 በላይ ያወጡት ሌሎቹ ዘንድሮ አላስገባም ብለው ይፈርማሉ፣ የሚያስገባቸው ሰው ደግሞ ፎርም 2120 ይሞላል፣ በየዓመቱም መቀያየር ይቻላል። በዚህ መንገድ ግን ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ አይገኝም።

የአጎትና የአክስት ልጅ ዓመቱን ሙሉ አብሯችሁ ካልኖረ ዲፔንደንት አይሆንም።

«ጓደኛዬ እኮ አዲስ አበባ ያለች እናቱን አስገብቶ ሪፈንድ መጣለት» የምትሉን አላችሁ። አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ሕጉን ችላ ብላችሁ እንደሆነ ካመነ ክሬዲቱን ለ2 ዓመት ይከለክላችኋል፣ ማጭበርበር ከሆነ ለ10 ዓመት፣ የተወሰደውም ከነወለዱ ይመለሳል። እኛ ለማንም እንዲህ አድርገን አንሠራም።

ስትመጡ የወላጆቻችሁን ግሪን ካርድና ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የኤስኤስአይ ደብዳቤ ካላቸው እሱን፣ የከፈላችሁትን የኪራይና የመብራት ደረሰኝ ያዙ። ከወንድም ከእህቶቻችሁም ጋር ማን እንደሚያስገባቸው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሁለት ሰው ካስገባቸው ኋላ በኦንላይን የላከው ፋይል ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አጥቶ ይመለሳል።

ታክስ የምንሠራላችሁ የቢሮው ባልደረቦች