ክሪሎቼ የት ገቡ?

ውድ አባባ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው «እንግሊዝ አገር ተቀምጠሽ የደቡብ ዋልታን ዓሣ እንዴት ነው የምታጠኚው?» እንዳልከኝ መስመሩ ተቋረጠ። በጽሑፍ ልመልስልህ። መጀመሪያ ነገር ዓሣ አይደለም፤ ክሪል ይባላል። ሽሪምፕ ይመስላል፤ አድጎ አድጎ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ግን በመንጋ ስለሚሄድ ፔንግዊኑም ዓሣ ነባሪውም የሚያድረው በእሱ ነው።

ደቡብ ጆርጂያ የምትባል ደሴት አለች። ዙሪያዋን ክሪል ይርመሰመሳል፤ እዚያው ተወልዶ የሚያድገው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አብዛኛው እንግዳ ነው። ከአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬትና ከዌዴል ባሕር በኩል የውቅያኖስ ጅረት ተሸክሞት፣ የስኮሺያን ባሕር አቋርጦ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ሳይመጣ የቀረ ዓመት የደሴቲቱ ፔንግዊኖች ለጫጩቶቻቸው የሚያጎርሱት ያጣሉ።

እኔ ኮምፒውተር ላይ የውሃውን ፍሰት አስገብቼ ነጥቦች እለቃለሁ። እያንዳንዷ ነጥብ እንደ ክሪል ናት። ስክሪኑ ሰፌድ ላይ የተበተነ ጤፍ ይመስላል። በመጀመሪያው ሙከራ ነጥቦቼ በሙሉ ደሴቲቱን ጥለው ነጎዱ። ሁለት ሳምንት ስህተቱን ፈለግሁ። አንዲት ባልደረባዬ ቡናዋን ይዛ መጥታ አየችና «ቀን ቀን የት ነው የሚውሉት?» አለችኝ። አፈርኩ! ክሪል ቀን ከሚበላው ለመሸሽ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ሲመሽ ለመብላት ይወጣል። እኔ ሌት ተቀን ላይ ላዩን አንሳፍፌዋለሁ። የላዩን ውሃ ነፋስ ይነዳዋል፤ የታቹ የራሱ መንገድ አለው።

ያኔ ትዝ አልከኝ። ጣና ዳር ቁጭ ብለን «ግልገል አባይ ሐይቁን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል» ስትለኝ፣ ላረጋግጥ ብዬ የደንገል ቁራጭ ወረወርኩ። ነፋሱ መልሶ እግሬ ሥር ጣለው። «ደንገሉ የነፋሱን ነው የሚነግርሽ፤ የውሃውን አይደለም» አልከኝ። (አባይ ግን ይቀላቀላል። እዚህ ላይ አሁንም አንስማማም።)

የባሰው በረዶው ነው። የደቡብ ዋልታ ብርድ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ባሕሩ ረግቶ በረዶ ሲሆን እጮቹ፣ ማለትም ገና ያላደጉት የክሪል ልጆች፣ ከበረዶው ሥር ሆነው እዚያ የበቀለውን አልጌ እየፋቁ ይከርማሉ። በረዶው ደግሞ እንደዚያ ደንገል ነፋስ ይነዳዋል። ታዲያ እጩ በረዶውን ይከተል ወይስ ውሃውን? ሁለቱንም ሞከርኩ፤ መድረሻቸው ተለያየ። በ2023 የክረምቱ በረዶ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታየው ሁሉ አነሰ። የዚያን ዓመት በረዶ ሳስገባ ብዙ ነጥቦቼ መጠለያ አጡ።

ዛሬም እንደገና አስነስቼዋለሁ፤ እስከ ጠዋት ይሠራል። ለጉልበትህ ቅባት በሰው ልኬልሃለሁ፤ ማታ ማታ ተቀባው። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ እደውላለሁ።

ልጅህ