ግልጽ ደብዳቤ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ የአዛውንቶቻችን ጉልበትም ይለካ

ጉዳዩ፦ የአረጋውያንን የጡንቻ አቅም ስለመመርመርና ስለማጠናከር

እኔ እዚሁ ድሬዳዋ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ተማሪዎቼ ሳይሆን ስለ አያቶቻቸው ነው።

ደም ግፊትና ስኳር ሲነሳ በከተማችን ጆሮ የማይሰጥ የለም። ጉልበት ሲደክም ግን «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሰፈራችን ውስጥ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት ሲያነሱ የኖሩ ሰው። ዛሬ ከዱካ ሲነሱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ አንዴ ወደፊት ተወዛውዘው መልሰው ቁጭ ይላሉ፤ የሚሳካላቸው በሁለተኛው ነው። ደም ግፊታቸው ደህና ነው። መስጊድ ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። የግቢው ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ ሌሊት ልጅ ሳይቀሰቅሱ አይሄዱም። ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ ውሃ አይጠጡም። በድሬ ሙቀት!

ጡንቻ ከጉልምስና በኋላ በየዓመቱ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ደግሞ ከዚያ ፈጥኖ ይወርዳል። ሳርኮፔኒያ የሚባለው ይህ ነው። መልካሙ ነገር ጡንቻ በ90 ዓመትም ቢሆን ለሥራ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የቦስተን ጥናት፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲያነሱ ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያው 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንን ከጉልበት ጋር የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እኛ ዘንድ የሚታዘዘው «ወክ አድርጉ» ብቻ ነው። ወክ ለልብ ጥሩ ነው፣ ለብቻው ግን ከዱካ አያስነሳም።

ምርመራው የሚገዛ ዕቃ የለውም። ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ እጅ ደረት ላይ አጣምሮ 5 ጊዜ ብድግ ቁጭ ማለት ነው። ካልተቻለ ወይም ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የጡንቻ ድክመት መጠርጠር አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችሁ ይህንን በሞባይላቸው ሰዓት ለክተው ከደም ግፊቱ አጠገብ ቢጽፉት ምን ይከብዳል? ስፖርቱም ያው ወንበር ነው፤ ብድግ ቁጭ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ወንበር ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ማንሳት። ሲቀል ውሃው በአሸዋ ይተካ። ሁልጊዜ የሚቀል ነገር ጡንቻ አይሠራምና መጨመር ግድ ነው። ሰዓቱ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይሁን።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለአዛውንት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው፣ አስሉት። ጠዋት በሻይና በዳቦ የሚታለፍ ቀን እዚያ አይደርስም። ፉል እያለ፣ የተፈላ የግመል ወተት እያለ፣ ቁርስ ለምን ሻይ ይሆናል? የሚጾሙ እናቶች ሽሮውን ወፈር አድርገው ምስርና ባቄላ ይጨምሩበት። ረመዳን ላይ ሱሑርን መዝለል ጉዳት አለው። በርጫ ደግሞ አለ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከሰዓት የያዘ ሽማግሌ ራት አይነካም። «ተዉት» ብትሉ፣ አቦ፣ ማን ይሰማችኋል? «ከበርጫ በፊት ጠግባችሁ ብሉ» ብትሉ ግን የሚሰማ አይጠፋም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ከሕመም በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ቢውሉ ከእግራቸው 1 ኪሎ ገደማ ሥጋ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ ስንቱ ሽማግሌ ነው አልጋ ላይ የከረመው? ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ እግራቸው ያልተመለሰላቸውን አውቃለሁ። ከሆስፒታል የሚወጣ አዛውንት ከመድኃኒቱ ጋር ይህችን የወንበር ስፖርት የያዘች አንዲት ወረቀት ቢሰጠው፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ወጪዋ ሊያነጋግረን አይገባም።

የትምህርት ቤታችን ግቢ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው፤ ጥላም ወንበርም አለው። ከቢሮው የትብብር ደብዳቤ ከመጣ ርእሰ መምህራችን ይፈቅዳሉ። እኔ በነጻ አሠራለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ደም ግፊት የሚለካና የልብ ሕመም ያለባቸውን አስቀድሞ የሚለይ አንድ ባለሙያ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ድሬዳዋ