የራስሽ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ከለንደን ደውላ ነበር። የእጮኛሽ አባት፣ ሎርዱ፣ ብትፋቱ ሀብቱ ለማን እንደሚሆን የሚወስን፣ ከሠርጉ በፊት የሚፈረም ውል በጠበቃቸው በኩል ልከውልሽ «ገንዘባቸው ምን ያደርግልኛል፣ ያመጡትን እፈርማለሁ» ብለሽ ሳቅሽ አሉ። እኔ አልሳቅኩም። የራስሽ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ።

በባዶ እግርሽ ሣር ላይ ሂጂ፣ ፀጉርሽን እንደፈለግሽ ልቀቂው፤ ለሱ እነሱም ግድ የላቸውም። ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሰው የሚውሉት ራሳቸው ናቸው። ግድ የሚላቸው መሬቱና ወረቀቱ ነው።

እዚያ አገር ሽማግሌው ጠበቃ ነው። በእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለው ውል ዳኛውን በቀጥታ አያስረውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ባል የራሱን ጠበቃ ሳያማክር፣ የሚስቱ ሀብት ልኩ ሳይነገረው የፈረመውን አጽንቶበታል። ጠበቃውን አንቺ ምረጪ፤ ክፍያውን ሀብታሙ ወገን ቢችል ነውር የለውም። የሀብታቸው ዝርዝር ከውሉ ጋር ተያይዞ ይምጣ። ፊርማው ከሠርጉ ቢያንስ 28 ቀን ቀደም ብሎ ይለቅ፤ በሠርግ ሳምንት የተፈረመ ነገር ኋላ ጭቅጭቅ ነው። ልጅ ሲወለድ ውሉ እንደገና ይታያል የሚል አንቀጽም ይግባበት።

ቤቱ የማን እንደሆነ ጠይቂ። እንዲህ ያለ ቤትና መሬት ብዙውን ጊዜ በትረስት፣ ማለትም ለቤተሰቡ በባለአደራዎች ስም፣ የተያዘ ነው፤ እጮኛሽ ይኖርበታል እንጂ አይሸጠውም። እሱ ቀድሞሽ ቢሞት (ክፉ አይንካው) ትልቁ ቤት ለወራሹ ይሆናል፣ መበለቲቱ ግቢው ዳር ወዳለው «ዳወር ሀውስ» ትወጣለች። ያንቺ የትኛው ነው? ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያድሰዋል? ይጻፍ።

በሠርግሽ ቀን ቲያራ (ያቺን ትንሽ የጌጥ ዘውድ) ከካዝና አውጥተው ይደፉልሽ ይሆናል። ውሰት ነው፣ ይመለሳል። ጌጥ በሰጡሽ ቁጥር «ስጦታ ነው ወይስ ውሰት?» በይ።

የኮንስዌሎ ቫንደርቢልትን ነገር ታውቂያለሽ? የአሜሪካ የባቡር ከበርቴ ልጅ ናት። ሌላ ሰው እየወደደች፣ እናቷ አልቫ አስገድዳ እ.ኤ.አ. በ1895 በ18 ዓመቷ ለዘጠነኛው የማርልቦሮ መስፍን ዳረቻት። 2.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የባቡር አክሲዮን አብሮ ሄደ፤ የመስፍኑ ብሌኒም ቤተ መንግሥትም ታደሰበት። በ1906 ተለያዩ፣ በ1921 ተፋቱ። በ1926 ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ አልቫ ራሷ ቀርባ «ያስገደድኳት እኔ ነኝ» ብላ መሰከረች። ከ31 ዓመት በኋላ! አልቫን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ያንን መሐንዲሱን ልጅ «አይሆንም» ያልኩሽ እኔ ነኝ... ተይው፣ አሁን አላነሳውም። ይሄኛውን አንቺው መርጠሽዋል፣ የኔ እናት፣ ደስ ብሎኛል። ግን ጠበቃሽ ሳያየው እንዳትፈርሚ።

አክስትሽ ከወዲሁ «ሌዲ» ብላ ያንቺን ስም ማስከተል ጀምራለች፤ አስቁሚያት። ከራስ ስም ጋር «ሌዲ» የምትባለው የኧርልና ከዚያ በላይ ያለ ባለማዕረግ ልጅ ናት፤ ልዕልት ዳያና ከማግባቷ በፊት አባቷ ኧርል ሲሆኑ እንደተባለችው። እጮኛሽ ከኧርል በታች የሆነው የባሮን ልጅ ነው፤ አንቺ ፖስታ ላይ ብቻ «ኦነረብል» (ክብርት) ትባያለሽ። እሱ ማዕረጉን ሲወርስ «ሌዲ» ትሆኛለሽ፣ ያውም ከማዕረጉ ስም ጋር።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻውን ሦስት እሑድ አስነግሮ ብቻ መጋባት አይቻልም። ሁለታችሁም የጋብቻ መዝገብ ቤት ቀርባችሁ ታሳውቃላችሁ፤ መጠበቂያው 28 ቀን ነው፣ ወደ 70 ሊራዘም ይችላል። ቀን ሳትቆርጡ ይህን ጨርሱ። ተክሊሉን ደግሞ እሱ ሳይጠመቅ አታስቢው፤ የንስሐ አባትሽን ዛሬውኑ አናግሪ።

ቅዳሜና እሑድ እነሱ ዘንድ ስትሄጂ ወፍራም ሹራብ ያዢ፣ ቤቱ ይበርዳል። የሾርባውን ማንኪያ ወደ ውጭ እየገፋሽ ቅጂ። ስትጨርሺ ቢላዋና ሹካውን ጎን ለጎን አጋድሚ። ክፍልሽን ለምታጸዳው ሴት ጥቂት ገንዘብ ትተሽ ውጪ። ለእናቱ ምስጋናውን በእጅሽ ጽፈሽ በሳምንቱ ውስጥ ላኪ፤ በስልክ መልእክት እንዳይሆን። ለሎርዱ ጉርሻውን ለጊዜው ተይው።

በርበሬውን በአክስትሽ ጎረቤት ልኬዋለሁ፤ ሁለት ፌስታል ነው፣ የታሰረው ሚጥሚጣ ነው፣ እንዳታምታቺው። ሐሙስ ከጠበቃ ወጥተሽ ደውዪልኝ። እስክትደውዪ ብዕር እንዳትነኪ።

እናትሽ