ይድረስ ለልጄ ለሐያት፦ የጠረፍ መሐንዲሶች ከየት ተነሱ?

ኮምቦልቻ

የምወድሽ ልጄ ሐያት፣ ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ባለፈው ስትደውዪ «በጠረፍና በውቅያኖስ ምህንድስና ስማቸው የሚጠራው ሰዎች ምን ተምረው፣ የት ሠርተው ነው እዚያ የደረሱት? ባሕር አይታ የማታውቅ የወሎ ልጅስ ትገባበታለች ወይ?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሞሮው ኦብራየን ልጀምር፤ የዘመናዊው የጠረፍ ምህንድስና አባት የሚሉት እሱን ነው። በ1925 ኤም አይ ቲ ከሚባለው የአሜሪካ ተቋም የተመረቀው በሲቪል ምህንድስና ነው። ከዚያ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ከ1943 እስከ 1959 ደግሞ የምህንድስና ኮሌጁ ዲን ሆነ። ስሙን ያስጠራው ግን ልኬት ነው። በፓስፊክ ጠረፍ ያሉ የወሽመጥ መግቢያዎችን አስለክቶ፣ በባሕር ሙላትና ጉድለት የሚገባውና የሚወጣው የውኃ መጠን የመግቢያውን የመስቀለኛ ቁርጥ ስፋት እንደሚወስን በ1931 አሳየ። በ1950 ሎንግ ቢች ላይ የመጀመሪያው የጠረፍ ምህንድስና ጉባኤ ሲካሄድ አቋሙ ግልጽ ነበር፦ ይህ ለብቻው የቆመ ሙያ ሳይሆን ከውቅያኖስ ጥናት፣ ከአየር ጠባይ ጥናትና ከፈሳሽ ሜካኒክስ የሚበደር የሲቪል ምህንድስና ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ «ባሕር» የሚል ዲግሪ አገራችን ውስጥ አላገኘሁም ብለሽ አትጨነቂ። አብሽሪ፣ ሲቪል ምህንድስና በመማርሽ በትክክለኛው በር ገብተሻል።

ሌሎቹ ደግሞ በጭራሽ ባልታሰበ በር ነው የገቡት። ዋልተር ሙንክ ገና በ14 ዓመቱ ከቪየና ወደ ኒውዮርክ የተላከው የባንክ ሥራ እንዲለምድ ነበር። ባንኩን ትቶ ፊዚክስ ተማረ፤ ከኖርዌያዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋርም የሞገድ ትንበያ ዘዴ አወጣ። በሰኔ 1944 ጦሩ ኖርማንዲ ሲያርፍ የባሕሩ ሁኔታ የተተነበየው በዚህ ዘዴ ነው። ሆላንዶች በ1932 የዘጉትን 32 ኪሎ ሜትር ግድብ፣ አፍስሉትዳይክን፣ ከመሥራታቸው በፊት የባሕሩ ሙላት ምን ያህል እንደሚለወጥ ያሰላውን ኮሚቴ የመራው የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ሄንድሪክ ሎረንትስ ነው። የሞገድ ኃይል ማመንጫ «ዳክዬ» የተባለውን ፈጠራ ያወጣው ስቲቨን ሳልተር ደግሞ በአውሮፕላን ፋብሪካ በተለማማጅነት የጀመረ ሰው ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልብ እንድትይው የምፈልገው ቪክስበርግን ነው። ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ከባሕር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እዚያ ያለው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ቤተ ሙከራ የተቋቋመው ከ1927ቱ ጎርፍ በኋላ ወንዙን ለማጥናት ነው። ሮበርት ሃድሰን የሞገድ መከላከያ ግንብ ድንጋይ ስንት መመዘን እንዳለበት የሚያሰላውን፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ቀመር ያወጣው እዚህ ነው። ከሱ በፊት ስፔናዊው ራሞን ኢሪባረን በ1938 መሠረቱን ጥሎ ነበር፤ ሃድሰን በገንዳ ውስጥ ሞገድ እያስነሳ፣ ድንጋይ እየደረደረና እያፈረሰ አሻሻለው። የሞገድ ማስሊያ ሶፍትዌር ከሆነው ከኤስቲዌቭ ሠሪዎች አንዷ ጄን ማኪ ስሚዝም የሠራችው እዚያው ነው።

ቀመሩ እንዲገባሽ በቁጥር ልንገርሽ። የድንጋዩ ክብደት ከሞገዱ ቁመት ኩብ ጋር ያድጋል። ጥግግቱ በሜትር ኩብ 2.65 ቶን የሆነ ድንጋይ፣ 1 ሜትር ሲወጣ 2 ሜትር የሚሄድ ተዳፋት፣ የመረጋጋት ቁጥሩ (ድንጋዩ በሞገድ ሳይነቀል የመቆም አቅሙን የሚያሳየው) 4 ይሁን። ለ5 ሜትር ሞገድ አንዱ ድንጋይ 10.4 ቶን ይመዝናል፤ ለ6 ሜትር ግን 18 ቶን። ሞገዱን በአንድ ሜትር አሳንሶ የገመተ መሐንዲስ ግንቡ በመጀመሪያው ከባድ ማዕበል ሊፈርስበት ይችላል። ያ የ4 ቁጥር ደግሞ ሞገዱ ግንቡ ላይ ካልተሰበረ ብቻ ነው፤ ከተሰበረ ወደ 2 ይወርዳል፣ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል። አሁን እኛ አገር የምናውቀውን ጥቁር ድንጋይ አስገቢበት፦ ጥግግቱ 2.9 የሆነ ባዛልት ከሆነ ለዚያው ለ5 ሜትር ሞገድ 7.4 ቶን ይበቃል፤ ወሳኙ ከባሕር ውኃ በላይ ያለው ክብደቱ ነውና። ድንጋይ ማወቅ ለዚህ ሙያ ትልቅ ሀብት ነው፣ ያንን ደግሞ የደሴ ልጅ ከማንም አታንስም።

ቀመሩ የማይነግርሽም አለ። ሞገዱ በስንት ሰከንድ እንደሚመላለስና ማዕበሉ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በውስጡ የለም። ያንን የጨመረው ሆላንዳዊው የንትሼ ፋን ደር ሜር በ1988 ነው።

አፍሪካም የራሷ ድርሻ አላት። በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን ወደብ፣ የወደቡ መሐንዲስ ኤሪክ ሜሪፊልድ በ1960ዎቹ ዶሎስ የተባለውን እርስ በርሱ የሚቆላለፍ የኮንክሪት ብሎክ አስተዋወቀ። ቅርጹን በመጀመሪያ ያበጀው አብሮት የሚሠራው ንድፍ ሣይ (ድራፍትስማን) ኦብሪ ክሩገር ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልቆመም። ሁለቱም ግን በየቀኑ በሞገድ የሚመታውን ግንብ ፊት ለፊት የሚያዩ የወደብ ሠራተኞች ነበሩ።

በየካቲት 1978 ፖርቱጋል ውስጥ ሲነስ ላይ የሆነውን በደንብ አጥኚው። 42 ቶን በሚመዝኑ ዶሎሶች የተሸፈነ አዲስ ግንብ በማዕበል ክፉኛ ፈረሰ። ሞዴሉ በገንዳ ተፈትኖ ነበር፤ ታዲያ ለምን? ሞዴል ስትሠሪ ርዝመትን በ36 ብታሳንሺ፣ ጊዜ በ6፣ ክብደት ደግሞ በ46,656 ያንሳል። ቅድም ያሰላነው 18 ቶን ድንጋይ 386 ግራም ይሆናል ማለት ነው። የኮንክሪቱ ጥንካሬ ግን በዚያው ልክ አያንስም። ትንሿ ዶሎስ ስትወዛወዝና ስትጋጭ አትሰበርም፤ እውነተኛዋ ብረት የሌላት ቀጭን ወገብ ያላት 42 ቶን ግን ትሰበራለች። ስትሰበር ደግሞ መቆላለፉ ይቀራል፣ ቁርጥራጩም በራሱ ክብደት ሞገዱን መቋቋም አይችልም። ከዚያ በኋላ ነው ዘርፉ ስለ ብሎክ ጥንካሬ በጥብቅ ማጥናት የጀመረው።

እንዲህ ያለ አደጋ ሰዎችን ወደ መሪነት ሲያመጣ ታያለሽ። ዮሃን ፋን ፌን በሆላንድ መንግሥት የውኃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር፤ የባሕሩን ወለልና ሞገድ እየለካ በ1936 ዶክትሬቱን ሠራ፤ ከባሕር ወለል አሸዋ የሚቆፍረው መንጠቆ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ግድቦቹ ዝቅ እንዳሉ ደጋግሞ ቢያስጠነቅቅም በቂ ሰሚ አላገኘም። የካቲት 1 ቀን 1953 ባሕሩ ገብቶ በሆላንድ ብቻ 1,836 ሰው ሞተ። የዴልታ ዕቅድ የተባለውን ግዙፍ ሥራ ያስጀመረው የሱ ዝግጅት ነው። ጃፓናዊው ዮሺሚ ጎዳም በመንግሥት የወደብ ምርምር ተቋም ለዓመታት ሠርቶ ኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቀጥ ብለው ለሚቆሙ የኮንክሪት ሣጥኖች የሞገድ ግፊት ማስሊያው የእሱ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ፈሳሽ ሜካኒክስ፣ ስታትስቲክስና የአፈር ሜካኒክስ ላይ አትሸቃቅጪ። ከሶፍትዌር በፊት የእጅ ስሌት ልመጂ፤ ሶፍትዌር የተሳሳተ የሞገድ ቁመት ብትሰጪው በቆንጆ ቀለም የተሳሳተ ካርታ ይሰጥሻል። የተናደ ጋቢዮን (በሽቦ ሣጥን የታጨቀ የድንጋይ ግንብ) ስታይ ቆም ብለሽ ተመልከቺ፦ አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ከእግሩ ሥር አፈሩን ቆፍሮት ነው፣ ወይም ከጀርባው ደቃቁ አፈር በድንጋዩ መሐል ሾልኮ አልቆ ነው። ባሕር ላይም ግንብ የሚወድቀው በዚሁ ነው። ስለዚህ ነው ከላይኛው ድንጋይ ሥር ክብደቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት እጅ ያነሰ ንጣፍ የሚደረገው፣ ከሥሩም ማጣሪያ።

ለዒድ ስትመጪ ሐይቅ ወርደሽ ሞገድ ለኪ። አርባ ምንጭ ላይ አትሞክሪው፣ አባያና ጫሞ አዞ አለ። ባለ 2 ኢንች ባለ 3 ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ውሰጂ፤ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በቀይና በነጭ ቀለም ቀቢው፤ ውኃው ደረት በሚደርስበት ቦታ አጥብቀሽ ትከዪው፤ ሰው አብሮሽ ይሁን። ከዳር ስልክሽን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስቀምጠሽ ቅረጪ። የእያንዳንዱን ሞገድ ጫፍና ሸለቆ አንብቢ፣ 150 ይበቃል። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪና የላይኞቹን 50 አማካይ ውሰጂ፤ ሙንክና ስቨርድሩፕ የተጠቀሙበት የሞገድ ቁመት ያ ነው። ትልቁ ሞገድ የዚያ 1.6 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። በጣም ካነሰ ሞገዱ ጥልቀት አጥቶ አስቀድሞ እየተሰበረ ነው፣ ወደ ውስጥ ግቢ። በጣም ከበዛ ቱቦው ተወዛውዟል ወይም ውኃው ቱቦው ላይ ሲረጭ ያንን አንብበሻል። በ2 ሰከንድ የሚመላለስ ሞገድ ርዝመቱ 6.2 ሜትር ነው፤ ከ3.1 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ወለሉ አይነካውም።

ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ስትደርሺ ሆላንድ ውስጥ ዴልፍት ያለው የውኃ ትምህርት ተቋም አይ ኤች ኢ አለ፤ ኢራስመስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ዕድል ሥር ያለው የጠረፍና የባሕር ምህንድስና ፕሮግራምም አሁን ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። የምታመለክቺበትን ቦታ ስትመርጪ ከስሙ በፊት የሞገድ ገንዳ እንዳለው፣ ተማሪዎች ወደ መስክ ወጥተው እንደሚለኩ ጠይቂ።

ቱቦውንና ቀለሙን እኔ ከኮምቦልቻ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ። የሐይቁን የነፋስ ሰዓት አባትሽ ይጠይቅልሻል፤ ከሰዓት በኋላ ይሻላል ብሎኛል።

እናትሽ