ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኦክስጅንን ስለመለካት

ክቡር አዘጋጅ፦

ልባቸው በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰዎች ሳንባ ኦክስጅንን ወደ ደም በሚገባ እያሳለፈ ስለመሆኑ ሲጠየቅ፣ ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ንባብ ብቻውን እንደ በቂ መልስ መወሰዱ እንደ ሰመመን ሕክምና ባለሙያ በእጅጉ ያሳስበኛል። ታካሚው በመተንፈሻ መሣሪያ ብዙ ኦክስጅን እያገኘ ሳለ ሙሌቱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የተሸከመው የሄሞግሎቢን ድርሻ፣ 99 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ በደም ወሳጅ ቧንቧው ያለው የኦክስጅን ግፊት ግን 150ም ሆነ 400 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሊሆን ስለሚችል፣ የሳንባው መዳከም ሳይታወቅ ይቆያል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ የጣቱ የደም ዝውውር ሲቀንስ ደግሞ ንባቡ ራሱ አያስተማምንም።

ስለዚህ ከደም ወሳጅ ናሙና የተገኘውን ግፊት ታካሚው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ባለው የኦክስጅን ድርሻ ማካፈል ያስፈልጋል፤ ግፊቱ 90፣ ድርሻው 0.5 ቢሆን ውጤቱ 180 ነው። ይህም ቢሆን እንዳለ አይነበብም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 760 ወደ 620 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ዝቅ ይላል፤ በመሆኑም ጤነኛ ሳንባ እንኳ እዚህ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ድንገተኛ ከባድ የሳንባ ጉዳትን (ARDS) ለመለየት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የበርሊን መስፈርትም ከ1,000 ሜትር በላይ ማስተካከያ እንዲደረግ ይጠይቃል።

በአገራችን ብዙ ወጣቶች በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው ተጎድቶ፣ ሳንባቸውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፈሳሽ ቋጥሮ ይመጣሉ። የእነዚህ ታካሚዎች መነሻ ልኬት አስቀድሞ እንዲወሰድ፣ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎንም የኦክስጅኑ ድርሻ፣ የመተንፈሻ መሣሪያው ግፊትና የአካባቢው የአየር ግፊት እንዲመዘገቡ የሙያ ባልደረቦቼን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሰመመን ሕክምና ባለሙያ፣ ከሐዋሳ