የሥዕል ታሪክ (ኮሚክ) በአማርኛ እንፈልጋለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። የ12 ዓመት ልጄ የሱፐርማን ታሪክ ከእጁ አይለይም፤ የገጾቹ ጠርዝ ተልጦ አልቋል። እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ አብረን ስናነብ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ሥዕል ላይ ቆም አለና «እዚህ ጋ ፈርቷል፣ ትከሻውን እዪው» አለኝ። እኔ አላየሁትም ነበር!

ሱፐርማን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ አፍሪካዊው ጀግና ብላክ ፓንተር ደግሞ በ1966። የኛው ጀምበር፣ ያ በአማርኛም የታተመው የአዲስ አበባ ጀግና፣ የመጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ እኛ ሰፈር ግን መጽሐፍ አዟሪ እንኳ ዝር ስለማይል ልጄ ስሙንም አልሰማም። በጣም ያናድዳል። እባካችሁ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ለአማርኛ የሥዕል ታሪክ ስጡ፤ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ሄጄም ቢሆን እገዛዋለሁ።

አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ