ስለ ጉልበት ሕመም ሕክምና ሲዘገብ “ከምን ጋር ተነጻጽሮ?” ተብሎ ይጠየቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ለጉልበት ሕመም ስለሚሰጥ አንድ አዲስ መርፌ ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዘገባው መርፌውን ከተወጉት ታካሚዎች አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕመማቸው እንደቀለላቸው ይገልጻል፤ መርፌውን ያልተወጉት ግን ምን እንደሆኑ አንድም ቃል አይናገርም። በፊዚዮቴራፒ ሙያ የማገለግልና መገጣጠሚያን ቀስ በቀስ በሚያበላሸው በኦስቲዮአርትራይተስ በሽታ ላይ በተካሄዱ ክሊኒካዊ ሙከራዎች የሕመም መለኪያ ቅጾችን በማስሞላት የተሳተፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ዘገባው ያስቀረው መረጃ ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ የሚወስን መሆኑን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ጉዳዩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ የነበረባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 365 ሚሊዮን የሚሆኑት ሕመማቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። በሽታው የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነውን ካርቲሌጅ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን አጥንት፣ የመገጣጠሚያውን ሽፋን፣ ጅማቶቹንና በዙሪያው ያሉትን ጡንቻዎች ጭምር ይነካል፤ የተበላውን ካርቲሌጅ መልሶ በመተካት ሕመሙን የሚያስወግድ የተረጋገጠ መድኃኒትም እስካሁን አልተገኘም። ደረጃ መውጣትና መውረድ ያቃተው፣ ሌሊት በሕመም የሚገላበጥ ሰው ስለ አዲስ ሕክምና የተጻፈን ማንኛውንም ነገር በተስፋ ነው የሚያነበው፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን ይዞ ወደዚያው ይሄዳል።

ለምን ንጽጽር እንደሚያስፈልግ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ድጋፍ ተካሂዶ በ2006 የታተመው የግሉኮሳሚንና የኮንድሮይቲን ሙከራ ነው። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸው 1,583 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ለ24 ሳምንታት ከፊሎቹ ግሉኮሳሚን፣ ከፊሎቹ ኮንድሮይቲን፣ ከፊሎቹ ሁለቱን በአንድነት፣ ከፊሎቹ ሴሌኮክሲብ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ፣ የቀሩት ደግሞ ፕላሴቦ፣ ማለትም ምንም መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። ማን ምን እንደሚወስድ ታካሚዎቹም ሆኑ ሐኪሞቹ አያውቁም ነበር። በመጨረሻም ፕላሴቦ ከወሰዱት 60 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ቀነሰላቸው። ሴሌኮክሲብ 70 በመቶ ሲያስመዘግብ፣ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ግን በተሳታፊዎቹ አጠቃላይ ውጤት ከፕላሴቦው ትርጉም ባለው መጠን ሊበልጡ አልቻሉም። እንግዲህ አንድ ጋዜጣ የፕላሴቦውን ውጤት ትቶ “ግሉኮሳሚን ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሻላቸው” ብሎ ቢጽፍ፣ ውሸት ሳይናገር አንባቢውን ባሳሳተ ነበር።

ምንም ያልወሰደ ሰው እንዴት ይሻለዋል? የመገጣጠሚያ ሕመም ከፍና ዝቅ የሚል ነው፤ ሰውም ሐኪም ዘንድ የሚሄደው፣ ለሙከራም የሚመዘገበው ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግለት እንኳ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ወደ ተለመደው መጠን ይመለሳል። መለኪያችንም ቢሆን ታካሚው ራሱ የሚሰጠን መልስ ነው። በሜዳ ላይ ሲራመዱ፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሌሊት ሲተኙ፣ ሲቀመጡና ሲቆሙ ምን ያህል እንደሚያማቸው እንጠይቃለን፤ እነርሱም አሥር ሴንቲ ሜትር በሆነች መስመር ላይ ምልክት ያደርጋሉ። አንዲት እናት እስክሪብቶውን ከመስመሩ በላይ እንደያዙ ቆዩና “ልጄ፣ የዛሬውን ነው ወይስ የትናንትናውን? ትናንት ማታ አላስተኛኝም፣ ዛሬ ግን ይመስገነው” ሲሉ ጠየቁኝ። ቅጹ የሚጠይቀው ያለፉትን ሁለት ቀናት አጠቃላይ ስሜት መሆኑን ነገርኳቸው። መስመሩ ላይ ያሳረፉት ምልክት የተከታተላቸው ሰው በመኖሩ፣ አዲስ ሕክምና አግኝቻለሁ ብለው በማመናቸውና በሌሊቱ እንቅልፋቸው ሁሉ የሚወሰን ነው። ሕመማቸውም መሻላቸውም እውነት ነው፤ መሻሉ ከመርፌው መምጣት አለመምጣቱን ግን ያለ ንጽጽር ቡድን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ይህ ለክኒን ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል አንድ የቀዶ ሕክምና ምሳሌ ልጨምር። በ2002 በታተመ ሙከራ 180 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ታካሚዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ ለአንደኛው ቡድን በአርትሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ፣ የመገጣጠሚያው ውስጥ እየተጠረገ ታጠበ፣ ለሁለተኛው መታጠብ ብቻ ተደረገ፣ ለሦስተኛው ቡድን ግን ቆዳው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። በሦስተኛው ቡድን ሐኪሙ እውነተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያደርግ ሁሉ መሣሪያ እንዲያቀብሉት እየጠየቀ፣ የእጥበቱ ድምፅ እንዲሰማም ውሃ እንዲንቦጫረቅ ተደርጓል። ታካሚዎቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠየቁ በሕመምም ሆነ በእንቅስቃሴ ሦስቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ከዚያ በፊት ይህ ቀዶ ሕክምና በየዓመቱ ለእጅግ ብዙ ሰው ይደረግ ነበር፤ ያደረጉት ሐኪሞችም ታካሚዎቻቸው ሲሻላቸው በዓይናቸው አይተዋል። ልምድ ብቻውን በቂ ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

በ2017 የታተመው የስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት፣ መርፌ ሙከራም ሊታወስ ይገባል። 140 ታካሚዎች ለሁለት ዓመት በየ12 ሳምንቱ ከፊሎቹ ስቴሮይድ፣ ከፊሎቹ የጨው ውሃ በጉልበታቸው ተወጉ። በመጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች በሕመም አልተለያዩም፤ በኤም አር አይ ሲታይ ግን ስቴሮይድ የተወጉት ካርቲሌጅ ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። ስቴሮይድ ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው፤ እየደጋገሙ ለዓመታት መወጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከታካሚው ደም የሚዘጋጀውና በውድ ዋጋ የሚሰጠው የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ የደም ሕዋሳት) መርፌም ቢሆን፣ በ2021 በታተመ የ288 ሰዎች ሙከራ፣ ከዓመት በኋላ ከጨው ውሃ የተሻለ ውጤት አላሳየም።

ጉዳትን በተመለከተም ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው። ሮፌኮክሲብ የተባለው ማስታገሻ የመገጣጠሚያ ሕመምን በእርግጥ ይቀንስ ነበር፤ ሆኖም በፕላሴቦ የተነጻጸረ ረዘም ያለ ሙከራ ድንገተኛ የልብ ጥቃትና የስትሮክ አደጋን እንደሚጨምር በማሳየቱ በ2004 ከገበያ ወጣ። ታኔዙማብ የተባለው መድኃኒትም ሕመም ቢያስታግስም የአንዳንድ ታካሚዎች መገጣጠሚያ በፍጥነት እንዲበላሽ በማድረጉ፣ በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች 19 ለ 1 በሆነ ድምፅ ሳይደግፉት ቀርተዋል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንባቢ ተስፋ እንዲቆርጥ አይደለም። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ብዙዎችን ይረዳሉ፤ በ2020 በታተመ የ156 ታካሚዎች ሙከራ ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ ስቴሮይድ ከተወጉት ይልቅ ሕመማቸው ቀሎና እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሎ ተገኝተዋል። እርግጥ ነው፣ ፊዚዮቴራፒን ከታካሚው ደብቆ መስጠት አይቻልም፤ ስለዚህ የራሴ ሙያ ማስረጃም በዚህ በኩል ድክመት እንዳለበት መናገር ይገባኛል። ክብደት በሚቀንሰው ሴማግሉታይድ በተባለው መድኃኒት ላይ ተካሂዶ በ2024 የታተመው ሙከራ ግን በፕላሴቦ የተነጻጸረ ነበር። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ካለባቸው 407 ሰዎች መካከል መድኃኒቱን የወሰዱት ከ68 ሳምንታት በኋላ በ100 ነጥብ መለኪያ ሕመማቸው በአማካይ በ41.7 ነጥብ ቀነሰ። ፕላሴቦ የወሰዱት ደግሞ በ27.5 ነጥብ ቀነሰላቸው። የመድኃኒቱ ድርሻ እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው 14 ነጥብ ያህል ነው፤ ይህም ለታካሚ ትርጉም ያለው እፎይታ ነው። መገጣጠሚያቸው ክፉኛ ለተጎዳባቸው ሰዎች ደግሞ ጉልበትን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት ብዙዎችን መልሶ ያስኬዳል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን በአክብሮት የምጠይቀው፣ ስለ መገጣጠሚያ ሕክምና የሚወጣ ማንኛውም ዘገባ የንጽጽር ቡድኑ ምን እንደተሰጠውና ምን ያህሉ እንደተሻላቸው፣ ክትትሉ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምን ጉዳት እንደታየና ጥናቱን ማን በገንዘብ እንደደገፈ ሳይጠቅስ እንዳይታተም ነው። አዘጋጁ እነዚህን ከአጥኚዎቹ ጠይቆ መልስ ካላገኘ፣ መልስ አለማግኘቱን ራሱን ይጻፈው። ያልተሳኩ ሙከራዎችም ቦታ ይሰጣቸው፤ በሰው ላይ ለሚካሄድ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ አጥኚዎች መልካም ያልሆነውንም ውጤት ይፋ እንዲያደርጉ የሚያስገድደው፣ ውጤት ሳይታወቅለት የቀረ ሙከራ በፈቃደኝነት ጉልበታቸውን ለመርፌ የሰጡትን ሰዎች ድካም ከንቱ ስለሚያደርግ ጭምር ነው። በቅርቡ ስለዘገባችሁት መርፌም የንጽጽር ቡድን ኖሮ ከሆነ ውጤቱን፣ ካልነበረም አለመኖሩን በሚቀጥለው እትም እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ